ድራግ ምንድን ነው? ከቀሚሱ ጀርባ ስላለው የምርጫ ዝምድና፣ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ደጋግሞ ይመጣል። ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ ዊግ አድርገው፣ ፊታቸውን በሜካፕ ለውጠው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ከላይ «ድራግ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥር የሚሰጠው የአማርኛ አስተያየት ግን የተለያየውን ነገር ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈልቀዋል። ለአንዱ የግብረ ሰዶም ሌላ ስሙ ነው። ለሌላው ፆታ መቀየር ነው። ለሦስተኛው ዝም ብሎ ቀልድ ነው። ነጠላ ተከናንቦ እናቱን የሚያስመስል የአገራችን ኮሜዲያን ሳይቀር እዚያው ክምር ውስጥ ይጣላል።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። በድራግ ሕይወት ውስጥ ያለፉ ሰዎች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ «ዳንኩበት» ይላሉ። «እናት አገኘሁበት» ይላሉ። ጭፈራ እንዴት ሰውን ያድናል? መድረክስ እንዴት እናት ይሰጣል?

ጥያቄው ለሰሜን ሸዋ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ይህ ዞን ባዳን ዘመድ የማድረግ የቆየ ሥርዓት አለው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዘመድ አልባ መሆን ምን እንደሆነ በአጣዬም በደብረ ብርሃንም በቅርብ ታይቷል።

ድራግ ምንድን ነው፣ ምንስ አይደለም

ድራግ የመድረክ ሥራ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ፆታ አለባበስ፣ አነጋገርና አካሄድ አጋንኖ ያሳያል፤ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ያስቃል። ሴት መስሎ የሚሠራው «ድራግ ኩዊን» ይባላል። ወንድ መስላ የምትሠራዋ ደግሞ «ድራግ ኪንግ» ትባላለች። ትርኢቱ ሲያልቅ ዊጉ ይወልቃል፣ ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ድራግ ማንነት አይደለም። ፆታቸው ከተወለዱበት አካል የተለየ እንደሆነ የሚሰማቸው ሰዎች በእንግሊዝኛው ትራንስጀንደር ይባላሉ፤ የእነሱ ጉዳይ ሌላ ነው። በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚኖር ፍቅርም እንዲሁ ሌላ ነው። በሕይወት ግን እነዚህ ነገሮች ይገናኛሉ። በምዕራቡ ዓለም ድራግን ያሳደገው በዋናነት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና የትራንስጀንደር ሰዎች ማኅበረሰብ ነው። ይህን መካድ አያስፈልግም። ሁሉንም አንድ ነው ማለት ግን ስህተት ነው፤ እዚህ አገር ስህተቱ ሰው ሊያስደበድብ ስለሚችል ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ወንድ ሴት ሆኖ መድረክ ላይ መውጣቱም አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ እስከ 1660 ድረስ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በጃፓን በ1629 ሴቶች ከካቡኪ መድረክ ሲታገዱ የሴቶቹን ሚና ወንዶች ወረሱት፤ እስከ ዛሬም በክብር ይሠሩታል። በእኛም አገር ዘመናዊ ቴአትር ሲጀምር የሴቶቹን ቦታ የያዙት ወንዶች ናቸው። አስናቀች ወርቁ የመጀመሪያዋ ተዋናይት እየተባለች የምትታወሰው ከእሷ በፊት መድረኩ የወንድ ብቻ ስለነበር ነው።

«ቤት» የሚባለው

የምርጫ ቤተሰብ፣ ማለትም በደም ሳይሆን ሰው ራሱ መርጦ የሚይዘው ቤተሰብ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ታሪኩም የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ነው።

ዊሊያም ዶርሲ ስዋን ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወለደ። በ1880ዎቹ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ በድብቅ የዳንስ ምሽት ያዘጋጅ ነበር። ከሚመጡት ብዙዎቹ እንደሱ ከባርነት የወጡ ወንዶች ናቸው፤ የሐር ቀሚስ ለብሰው ይጨፍራሉ። በሚያዝያ 1888 ፖሊስ ቤቱን ሰብሮ ገባ። ስዋን አልሸሸም፤ ፊት ለፊት ተጋፈጠ። በ1896 ታስሮ ሳለ ለፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ የምሕረት ማመልከቻ አስገባ። አልተፈቀደለትም።

በኋላ እንዲህ ያለው ምሽት በኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር ትልቅ ሆነ። «ቦል» ይሉታል፤ የአልባሳትና የዳንስ ውድድር ማለት ነው። በ1967 በኒው ዮርክ በተካሄደ የድራግ ቁንጅና ውድድር ላይ ክሪስታል ላቤዣ የተባለች ጥቁር ተወዳዳሪ ዳኞቹ ለነጭ ያዳላሉ ብላ በካሜራ ፊት ተቃወመች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሎቲ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር ሆና የጥቁሮች የሆነ የራሷን ቦል አዘጋጀች። አዘጋጆቹ «የላቤዣ ቤት» ተባሉ። ከዚያ በኋላ ሌሎች «ቤቶች» ተከታተሉ።

ቤት ሲባል የግድ ጣራና ግድግዳ የለውም። ቤት የሰው ስብስብ ነው። «እናት» አለው፣ አንዳንዴ «አባት» አለው። አባላቱ «ልጆች» ናቸው፤ የቤቱን ስም እንደ አባት ስም ይይዙታል። እናቲቱ ልጁን ልብስ መስፋትና መድረክ ላይ መራመድ ታስተምረዋለች። ሥራዋ ግን በዚህ አያበቃም። ከቤቱ የተባረረውን ታስጠጋለች። በልቶ እንደሆነ ትጠይቃለች። ክፉ ሰው ሲጠጋው ትቆጣለች። ሲታመም ሆስፒታል ትሄዳለች።

ይህ በ1980ዎቹ የኤድስ ወረርሽኝ ሲመጣ በግልጽ ታየ። ብዙ ወላጆች ልጃቸው በምን እንደታመመ ሲሰሙ ቀሩ። አልጋው አጠገብ የተቀመጡት፣ ሰውነቱን ያጠቡት፣ የቀበሩት የ«ቤቱ» ሰዎች ናቸው። የኒው ዮርክ የጤና ድርጅቶችም በኋላ ይህን አይተው ስለ መከላከያው ትምህርት በቤቶቹ በኩል ማስተላለፍ ጀመሩ፤ ሰው የሚሰማው የሚያምነውን ነውና። እኛም አገር በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን ወደ ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ገብተው ነበር። ሰው የተሰባሰበበት ጉዳይ ሌላ ቢሆንም፣ መከራ ሲመጣ ስብስቡ የሚዞርበት አቅጣጫ ተመሳሳይ ነው።

ፈውሱ ከየት ይመጣል

«ፈውስ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ድራግ መድኃኒት አይደለም። የአእምሮ ሕክምናን አይተካም። ሰዎቹ ዳንኩ የሚሉት ግን ከንቱ ወሬ አይደለም፤ የሚታወቁ ምክንያቶች አሉት።

አንደኛው እፍረትን መገልበጥ ነው። ልጅ ሆኖ «አካሄድህ እንደ ሴት ነው» እየተባለ የተሰደበ ሰው፣ ያው አካሄድ መድረክ ላይ ሲያስጨበጭብለት በራሱ ላይ ያለው አስተያየት ይለወጣል። የተሰደበበት ነገር ሙያ ሆነለት። ሌላው አብሮ መንቀሳቀስ ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ብራዚል ውስጥ ወጣቶችን በኅብረት አስጨፍረው በ2015 ባወጡት ጥናት፣ እኩል የጨፈሩት ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ ብሎ፣ እርስ በርስም ተቀራርበው ተገኝተዋል። ትከሻ የሚያወርድ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ዝምድናው ነው። በ2010 የታተመ አንድ ትልቅ ትንተና 148 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ተመልክቶ ነበር። ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች ትስስራቸው ከደከመባቸው ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ተቃራኒ ገጽታም ተጠንቷል። በ2009 የወጣ የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸውን ወጣቶች ጠየቀ። በወላጆቻቸው ክፉኛ የተገፉት፣ ካልተገፉት ወይም ጥቂት ብቻ ከተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸው 8.4 እጥፍ ነበር።

ይህ ቁጥር የአሜሪካ ነው፤ እንዳለ አንስቶ ደብረ ሲና ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። መገፋቱ ብቻውን ምክንያት ነው ብሎም አያረጋግጥም። ግን ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል። ልጁን የሚጎዳው በአብዛኛው ቤቱ ሲዘጋበት ነው። የድራግ ቤትም የሚያድነው፣ በእኔ ግምት፣ በቀሚሱ ሳይሆን ያንን የተዘጋ በር በመክፈቱ ነው።

ቤቶቹን መላእክት አድርጎ መሳልም ልክ አይሆንም። ፉክክሩ መራራ ነው። እናት የተባለችው ራሷ ገና ወጣት፣ ራሷም ድኻ ልትሆን ትችላለች፤ የብዙ ሰው ሸክም ይወድቅባታል። ልጆቿን የምትበዘብዝም ትኖራለች።

ዛርና የሟች በርኖስ

ከእኛው አገር ልምድ ለዚህ በጣም የሚቀርበው ጎንደር ውስጥ በደንብ የተጠና ነው፤ በሸዋም ይታወቃል። ዛር ነው።

ፈረንሳዊው አጥኚ ሚሼል ሌሪስ በ1932 (ይህም እንደ ፈረንጆቹ ነው) ጎንደር ተቀምጦ የዛር ቤቶችን ተመልክቷል። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የጎንደሩን የዛር ስብስብ የቡድን ሕክምና አድርጎ ገልጾታል። የሚመጡት በብዛት ያገቡ ሴቶች ናቸው። የሚሰማቸው ያጡ፣ ቤት ውስጥ የተረሱ፣ ያለ ምክንያት የሚያማቸው። ከበሮው ሲመታ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ ዛሩ ይወርዳል። ዛሩ ወንድ ከሆነ ሴትዮዋ ወንድ ትሆናለች። በወንድ ድምፅ ትፎክራለች፣ ጦር ወይም ዱላ ትይዛለች፣ የወንድ ልብስ ትጠይቃለች። በራሷ አፍ ጠይቃ የማታገኘውን ዛሩ ሲጠይቅላት ባሏ ይገዛላታል። በሚቀጥለው ቡና ደግሞ እነዚያው ሴቶች ይጠብቋታል።

ሌላው ለቅሶ ላይ ያለው ነው። በገጠሩ ወንድሟ የሞተባት እህት ለቅሶው መሀል የሟችን ልብስ ለብሳ፣ ጠመንጃውን ይዛ ትወጣለች። መንዝ ከሆነ ልብሱ ያ ጥቁር የበግ ፀጉር በርኖስ ሊሆን ይችላል። ለእሷ ይረዝማል፣ ይከብዳልም። አልቃሿ ሙሾውን ስታወርድ እህት የወንድሟን ጀብዱ እየቆጠረች፣ ወዲህና ወዲያ እያለች ትፎክራለች። ለዚያች ሰዓት ወንድሟን ትሆናለች። ማንም አይስቅባትም። ለቀስተኛው ያለቅሳል፣ እሷም ይወጣላታል።

ልዩነቱን መሸፋፈን አልፈልግም። ለቅሶው የሟች ክብር ነው፤ ዛሩ መንፈስ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ድራግ ደግሞ አውቆ የሚሠራ ጥበብ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ዛርን አጥብቃ ታወግዛለች፤ ለታመመ ሰው የምታሳየው መንገድ እንደ ሸንኮራ ዮሐንስ ያለውን ጠበል ነው። ሦስቱ የሚገናኙት ስልቱ ላይ ነው። የሌላውን ልብስ መልበስ በራስ ልብስ የማይነገረውን ለመናገር በር ይከፍታል። የሚያይ፣ የሚያጨበጭብ፣ የሚያለቅስ ሰው ከሌለ ደግሞ በሩ አይከፈትም።

መንዝ ዝምድናን እንዴት ይቆጥራል

«ዘመድ በደም ነው፤ በምርጫ አይሆንም» የሚል መልስ ይሰማል። የሰሜን ሸዋ የራሱ ታሪክ ግን ነገሩን እንዲህ ቀላል አያደርገውም።

መንዝን ያቀኑት ማማ፣ ላሎና ጌራ ናቸው ይባላል። ዛሬም ወረዳዎቹ በስማቸው ይጠራሉ። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ መንዜው ርስት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት መውረዱን ቆጥሮ ነው። ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ብዙ አቅኚ አባቶች ይኖሩታል፤ ሁሉንም ግን ሊከተል አይችልም። የትኛውን መስመር እንደሚይዝ፣ የት ሄዶ እንደሚሟገት፣ የትኛውን ዘመድ እንደሚያጠብቅ ይመርጣል። ያልተቆጠረ ዘመድ ይረሳል። ደሙ የነበረ ቢሆንም ሥራው ካልተሠራ ዝምድናው አይቆምም።

ከደም ውጭ ያለውማ ብዙ ነው። የጡት ልጅ አለ። ጣት ወይም ጡት ማር ተቀብቶ ይጠባል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የማይዛመዱት ሰዎች አባትና ልጅ ናቸው። በጡት የተዛመደ ቤት ጋብቻ እንኳ ይከለከላል። የክርስትና እናትና አባት አሉ፤ በነሱ በኩል ሁለት ቤተሰብ አበልጅ ይሆናል። ወር ጠብቆ ጽዋ የሚያነሳ ማኅበር አለ፤ ሰው ለማኅበር ወንድሙ ከሥጋ ወንድሙ ባልተናነሰ ያዝናል። ጉዲፈቻን የቤተሰብ ሕጉም ያውቀዋል።

የኒው ዮርኩ «ቤት» በዚህ ዓይን ሲታይ የሚገርመው አዲስነቱ አይደለም። ስም አለው፣ እናት አለው፣ የመግቢያ ሥርዓት አለው፣ ግዴታ አለው። የሚለየው የእኛዎቹ ምስክር ያላቸው መሆናቸው ነው። ቄሱ ያያል፣ ጎረቤት ያያል፣ ሽማግሌ ያውቃል። የእነሱ ግን ለረጅም ጊዜ ያለ ምስክር ኖረ። ልጅን ያሳደገች «እናት» ሆስፒታል በር ላይ «ምኑ ነሽ?» ስትባል የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም።

ክርክሩ

የእምነቱ አቋም ግልጽ ነው። ዘዳግም 22፥5 ወንድ የሴት፣ ሴትም የወንድ ልብስ እንዳይለብሱ ያዛል። በእስልምናም ወንድ ራሱን ከሴት፣ ሴትም ከወንድ ማመሳሰል በሐዲስ የተወገዘ ነው። ከአንኮበር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው አብዛኛው ሰው የሚያስበው ከዚህ ተነስቶ ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ ማለፍ ሕዝቡን አለማወቅ ነው።

ሕጉስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊትን ነው። ስለ መድረክ አልባሳት አይናገርም። ሰውን በአለባበሱ ተጠራጥሮ መደብደብን ደግሞ የትኛውም ሕግ አይፈቅድም።

በምዕራቡ ዓለምም ስምምነት የለም። የቴነሲ ግዛት በ2023 ልጆች ባሉበት የሚቀርብ ትርኢትን የሚገድብ ሕግ አወጣች፤ የፌዴራል ዳኛ ሻረው፤ በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤት የዳኛውን ውሳኔ ገለበጠ። አንዳንድ ሴቶች ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይተቹታል። ወንዶች የሴትን ጡትና ዳሌ አጋንነው ማሳየታቸው ሴትን መቀለጃ ያደርጋል ይላሉ። ይህን ትችት ቀላል አድርጌ አላየውም፤ አንዳንዱ ትርኢት በእርግጥ እንደዚያ ነው። የድራግ ደጋፊዎች ግን የሚቀለድበት ሴቷ ሳትሆን «ሴት እንዲህ መሆን አለባት» የሚለው ሕግ ነው ብለው ይመልሳሉ። ከ2009 ወዲህ ነገሩ የቴሌቪዥን ገበያ ሆኗል። ስክሪኑ የሚያሳየን አብረቅራቂውን ነው፤ መሬት ላይ አንጥፎ የሚያስተኛውን ቤት አያሳይም። የእኛም ግራ መጋባት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ምን ሊከተል ይችላል

ድራግ ደብረ ብርሃን ላይ መድረክ ያገኛል ብዬ አልገምትም። ቪዲዮው ግን መምጣቱን አያቆምም። ከእሱ ጋር የሚመጣው ትልቁ አደጋ ጥርጣሬ ነው። ድምፁ የቀጠነ፣ ከሴቶች ጋር የሚውል፣ ፀጉሩን ያሳደገ ልጅ ቪዲዮው በሰጠው ስም ይጠራል። ስሙ አንድ ጊዜ ከተለጠፈ፣ እውነት ይሁን ሐሰት፣ አይፋቅም። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ይጠፋል፤ እዚያ ማን እንደሚቀበለው ማንም አያውቅም። እዚህ ላይ ወላጅ የእምነቱን አቋም ይዞም በሩን ክፍት ሊያደርግ ይችላል። ይህ ሲሆን ያየ ሰው ጥቂት አይደለም፤ «ልጄ ነው፣ ምን ላድርገው» ብላ ሳህኑን የምታቀርብ እናት እዚህ አገር ሞልታለች።

የምርጫ ዝምድና ጉዳይ ግን ከድራግ ውጭም በራችን ላይ ቆሟል። በ2013 አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ፣ ከወለጋም የተፈናቀሉ ሰዎች ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕና ወይንሸት ሲሰፍሩ፣ ብዙ ሰው ዘመዱን በመንገድ ላይ አጥቷል። በድንኳኑ ውስጥ የማይዛመዱ ሰዎች አብረው ይኖራሉ። የሌላ ሰው ልጅ የምታሳድግ ሴት አለች። የሟች ጓደኛውን እናት የሚጦር ወጣት አለ። ወረቀት የላቸውም። በጉዲፈቻ ፍርድ ቤት አልሄዱም፤ ማርም አልተላሰም።

የብዙ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ ደግሞ ማን ሲሞት ስንት እንደሚከፈል በዝርዝር ያስቀምጣል፦ አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም፣ አማት። ያቺ ሴት ያሳደገችው ልጅ ቢሞትባት በዝርዝሩ ላይ የለም። ድንኳን ይወጣላት አይውጣላት የሚወሰነው በዳኛውና በጸሐፊው በጎ ፈቃድ ነው። አንድ መስመር መጨመር ግን ይቻላል፤ «አባሉ እንደ ቤተሰቡ አድርጎ በጽሑፍ ያስመዘገበው ሰው» የሚል። ደንብ ማሻሻል ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ጉዳይ ነው፤ የሚያስፈልገውም የአባላቱ ድምፅ ብቻ ነው።